«አትነቃነቅ» የሚሉት ፀጉር አስተካካይ

ወንድሜ ፀጉር አስተካካይ ነው። እናታችን ያወጣችለት ስም አለው፤ ያ ስም ግን የሚያገለግለው መታወቂያው ላይ ብቻ ነው። ሰፈሩ የሚያውቀው «አትነቃነቅ» በሚለው ነው። ዳኛም ሆነ ሌባ፣ ሽማግሌም ሆነ ሕፃን፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው ቃል ይኸው ነው። ጨርቁን አንገቱ ላይ ያስርለታል፣ ጭንቅላቱን በሁለት ጣት ያቃናለታል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ «አትነቃነቅ» ይለዋል። ለትልልቆቹ «አይነቃነቁ» ማለት እንዳለበት ስንቴ ነግሬዋለሁ። «ምላጭ አንቱታ አያውቅም» ይለኛል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ታናሽ እህቱ። ሱቆቻችን ጎን ለጎን ናቸው፤ የሚለያያቸው አንድ ግድግዳ ነው። ለስሙ ግድግዳ ተባለ እንጂ ስስ ሳንቃ ነው። የሱ መቀስ ሲቆርጥ እኔ ዘንድ ይሰማል፤ የኔ የስፌት መኪና ሲነሳ ደግሞ እሱ ዘንድ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል። «አንቺ ሴት፣ ምላጭ ይዣለሁ እኮ» እያለ ሳንቃውን ይደበድባል። እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ እሰፋለሁ። የኔም ደንበኛ ቀጠሮ አለው፤ መስታወት ተንቀጠቀጠ ተብሎ የሰው ሱሪ መንገድ ላይ አይቀርም። እንዲህ ስንነታረክ ነው ሁለታችንም የሸበትነው።

ያ ቃሉ መጀመሪያ የተነገረው ስለ እኔ ነው። ልጆች ሳለን እናታችን ሥራ ስትውል የሚጠብቀኝ እሱ ነበር። አንድ ቀን የእናታችንን መቀስ አወጣና በርጩማ ላይ አስቀምጦኝ ፀጉሬን ሊያስተካክል ተነሳ። እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ፍጥረት ነኝ፤ ዛሬም አልችልም። መስኮቱ ላይ ድመት አይቼ ዞር ስል የግራ ጆሮዬ ጫፍ ከመቀሱ ጋር ተገናኘ። እናታችን መጥታ ማን ነው ያጠፋው ብላ ጠየቀች። እኔ «ድመቷ» ልል ስል እሱ ቀደመኝና «እኔ ነኝ። አትነቃነቂ ሳልላት ጀመርኩ» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያንን ቃል ሳይናገር ስለት ሰው ላይ አሳርፎ አያውቅም። እኔም በበኩሌ ከዚያን ቀን ጀምሮ እሱ ስለት ይዞ ባለበት ተቀምጬ አላውቅም። ወንድሜን እወደዋለሁ፤ የተረፈውን ጆሮዬንም እወደዋለሁ።

ሱቁ ጠባብ ነው። አንድ የሚሽከረከር ወንበር፣ አንድ ረጅም መስታወት፣ ለሚጠብቁ ሰዎች አንድ አግዳሚ፣ ፎጣ የሚሰጣበት ሽቦ። መቀሶቹና ማበጠሪያዎቹ ነጭ ጨርቅ ላይ በቁመታቸው ተሰልፈው ይተኛሉ፤ ቶንዶዙ ለብቻው ምስማር ላይ ይንጠለጠላል። ምላጩ ሥራውን ካስተማረው አለቃው የወረሰው፣ የሚታጠፍ፣ አሮጌ ምላጭ ነው። ከማንሳቱ በፊት የሰውየውን ቆዳ በጣቱ ይዳስሳል። አገጩን፣ መንጋጋውን፣ ከጆሮ ጀርባውን፣ አንገቱን፤ ጣቱ ያልሄደበት ምላጩ አይሄድም።

የሰፈራችን መካኒክ አንገቱ ላይ፣ ደም ስሩ በሚመታበት ቦታ፣ ኪንታሮት አለበት። ከኪንታሮቱም ጥቂት ፀጉር ይበቅላል። ወንድሜ ፊቱን ሁሉ ሙልጭ አድርጎ ላጭቶት ሲያበቃ እዚያች ጋ ሲደርስ ዞሮ ያልፋል። መካኒኩ በመጣ ቁጥር ያማርራል። «ጨርሰው እንጂ፣ ፍየል አስመሰልከኝ እኮ» ይለዋል። «ፍየል ሆነህ ኑር» ይለዋል ወንድሜ። እኔ ከሳንቃው ማዶ ሆኜ ቆሽቴ ያራል። በኔ ሙያ ክር የቀረበት ልብስ ከሱቅ አይወጣም።

እንግዲህ ነገሩ የጀመረው በጥቅሻ ነው።

ወንድሜ ሲሠራ ግራ ዓይኑን መጨፈን ጀመረ። መጀመሪያ ያስተዋለችው ከመንገዱ ማዶ አትክልት የምትሸጠው ሴት ናት፤ የሱቁ በር ክፍት ስለሚውል ቀና ባለ ቁጥር ፊት ለፊቱ የምትገኘው እሷ ናት። ጠቀሰኝ ብላ ስትሽኮረመም ሰነበተችና በመጨረሻ ህሊናዋ አላስችል ብሏት ሄዳ ለሚስቱ ነገረቻት። የወንድሜ ሚስት ሆደ ሰፊ ናት፤ እኔ ብሆን ከሁሉም ትልቁን መቀስ ይዤ ነበር የምሄደው። እሷ ግን እራት እያቀረበች «ዓይንህን ምን ሆነህ ነው፣ ሰው እያወራ ነው» አለችው። «አቧራ ገብቶብኝ ነው» አላት። ከዚያ ወዲያ ዓይኑን መጨፈን ተወ፤ ሰዉም ወሬውን ተወ።

ጥቂት ቆይቶ አንድ ጠዋት ጡረታ የወጡት መምህር ሊላጩ መጡ። እኔ እጅጌ እየገጣጠምኩ ነበር። የመቀሱ ድምፅ ቆመ፤ የምላጭ ሰዓት መሆኑን አወቅኩ። ከዚያ «ውይ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ድምፁ የመምህሩ ሳይሆን የወንድሜ ነበር። ዘልዬ ስገባ የመምህሩን ጆሮ በፎጣ ይዞታል፤ ፎጣው ቀልቷል። ቁስሉ ትንሽ ነበር፤ መምህሩም «ምንም አልሆንኩም፣ ቀጥል እንጂ» ይሉታል። እሱ ግን አልቀጠለም። ደሙ እስኪቆም ጠበቀ፣ ጆሯቸውን በፕላስተር አሸገ፣ ምላጩን አጥቦ አድርቆ አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው፣ እሳቸውንም እስከ መንገዱ ሸኛቸው። ከዚያ በሩን ዘግቶ እኔ ዘንድ መጣና የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀመጠ።

«ሁለት ጆሮ ነው ያየሁት» አለኝ።

«ሰው ድሮም ሁለት ጆሮ ነው ያለው፣ ጋሼ።»

«በአንድ ጎን ነው የምልሽ። ጎን ለጎን። አንዱን እጠብቃለሁ ብዬ የሌለውን ጠበቅኩ።»

ከወር በላይ ሁሉን ነገር ድርብ ሲያይ ከርሟል። አንድ ዓይኑን ሲጨፍን ሁለቱ አንድ ይሆኑለታል፤ እሱንም ዘዴ አድርጎ ይሠራ ነበር። ከጥቅሻው ወሬ በኋላ ግን ሚስቱን ላለማሳፈር ሁለቱንም ዓይኖቹን ገልጦ መሥራት ጀመረ። እንደዚህ ዓይነት ጨዋነት የሱ ብቻ ነው። ልቆጣውም ልስቅም አልቻልኩም፤ አንጀቴን በላው። «ሐኪም ሳላይ ምላጭ አልነካም» አለ። ለእሱ ይህን ማለት እጄን ቆርጬ ልጣል እንደማለት መሆኑን አውቃለሁ።

የዓይን ሐኪሙ ዓይኑን ገልብጦ፣ ብርሃን አብርቶ፣ ጣቴን ይከተሉ ብሎ መረመረው። «ዓይንዎ ጤነኛ ነው» አለው። «ግራ ዓይንዎን ወደ ውጭ የሚያዞረው ነርቭ ነው የደከመው። አንድ ነገር ተጭኖታል፤ ምን እንደሆነ ማየት አለብን።» ከዚያ ኤም አር አይ ተነሳ። ከዚያ በአፍንጫው በኩል በቀጭን መሣሪያ ገብተው ከተጫነው ነገር ቅንጣት ወስደው መረመሩ። ውጤቱን ልንሰማ የገባነው ቀዶ ጥገና የምትሠራው ዶክተር ዘንድ ነበር፤ እሱ፣ ሚስቱና እኔ።

ዶክተሯ አጭር ናት። የወረቀት ክምር የሌለበት ጠረጴዛ ነበራት፤ ላዩ ላይ የፕላስቲክ የራስ ቅል ብቻ ተቀምጧል። ክዳኑን ከፈተችው፤ እንደ ድስት ነው የሚከፈተው። ከውስጥ መሃል ላይ፣ ከታች፣ ጣቷን አስቀመጠች።

«ዕጢው ያለው እዚህ ነው። አንጎል ውስጥ አይደለም፤ አንጎል የተቀመጠበት አጥንት ውስጥ ነው። ከፊቱ የአፍንጫዎ ጀርባ ነው። በግራም በቀኝም ወደ አንጎል የሚሄዱ ትልልቅ የደም ቧንቧዎች አሉ፤ የዓይንዎ ነርቭም በዚሁ ነው የሚያልፈው። ከኋላው ደግሞ ትንፋሽዎንና ልብዎን የሚያዘው የአንጎል ግንድ ነው።» ክዳኑን መልሳ ከደነችና «ብርቅ ዓይነት ዕጢ ነው፤ ከብርቁም ቶሎ የሚያድገው። ከተውነው አይጠብቀንም» አለች።

«በምን በኩል ይደረስበታል?» አለ ወንድሜ።

«በአፍንጫ።»

«በአፍንጫ?» አልኩ እኔ። ወንድሜ አፍንጫው ትልቅ ነው፤ ልጆች ሳለን ስቄበት የማልጠግበው ነገር ነው። ሰውን እንደሚጠቅም ያን ቀን ገና ተረዳሁ።

ሁሉን አስረዳችን። ከአንድ የአፍንጫ ሐኪም ጋር ሆነው፣ በአንድ ቀዳዳ መብራትና ካሜራ፣ በሌላው መሣሪያ እያስገቡ፣ አጥንቱን በጥቂት በጥቂቱ እየሞረዱ እንደሚደርሱ። እንዲህ ያለውን አብረው የሠሩት በጣም ብዙ ጊዜ እንዳልሆነ፣ ምክንያቱም በሽታው ራሱ ብዙ ጊዜ እንደማይገጥም። ሳታስፈራራ፣ ሳታባብልም ነው የተናገረችው።

ወንድሜ አዳመጠና «ዶክተር፣ ካልከበደዎት እጅዎን ይዘርጉልኝ» አላት።

ሚስቱ በሀፍረት መሬት መሬት አየች። ይህ ወደ ሱቁ ሥራ ሊማር የሚመጣውን ሰው የሚፈትንበት ፈተና ነው፤ ሁለት እጅ ተዘርግቶ፣ መዳፍ ወደ ታች፣ እሱ በቃ እስኪል። ዶክተሯ ለምን ብላ አልጠየቀችም። እጆቿን ጠረጴዛው ላይ፣ ከራስ ቅሉ በላይ ዘረጋች። ትንንሽ እጆች ናቸው፤ ጥፍራቸው እስከ ሥሩ ተቆርጧል። አልተንቀጠቀጡም። እሱ ለረጅም ጊዜ ካየ በኋላ «በቃ» አላት።

«የእርስዎንስ?» አለችው።

እሱም ዘረጋ። የሁለቱ እጆች ፊት ለፊት ተዘርግተው ቆዩ፤ ከሁለቱም የተንቀሳቀሰ አልነበረም።

«ምንድን ነው የሚያስፈራዎት?» አለችው።

«ምላጭ ሳልይዝ መቅረት።»

«እኔን የሚያስፈራኝ ከዚያ የሚብስ ነው። መጀመሪያ በሕይወት እንዲኖሩ ነው የምሠራው፤ ዓይኑ ሁለተኛ ነው። ስለ ዓይኑ ቃል አልገባልዎትም።»

«ቃል ከሚገባልኝ ሰው እርስዎ ይሻሉኛል» አላት፤ እዚያው ፈረመ።

የቀዶ ጥገናው ቀን እኔና ሚስቱ መተላለፊያው ላይ ካለው አግዳሚ አልተነሳንም፤ እሷ ማለቴ ነው፣ እኔማ ስነሳ ስቀመጥ ነው የዋልኩት። እሷ ያወለቀውን ልብስ አጥፋ ጭኗ ላይ ይዛለች። እኔ እጄ ሥራ ሳይፈታ እንዲውል ጫፉ የሚታጠፍ ሱሪ ይዤ ሄጄ ነበር፤ ስሰፋ ጠመመ፣ ፈታሁት፤ ስሰፋ ጠመመ፣ ፈታሁት። ሰው ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ምሳ ይደርሳል፣ ያልፋል። ፀሐይ ከመስኮቱ ስትሸሽ ዶክተሯ ወጣች። ጭምብሉ ፊቷ ላይ መስመር ሠርቷል።

«ደህና ናቸው» አለች መጀመሪያ። ቀጥላም «አብዛኛውን አውጥተነዋል። ከኋላ በኩል፣ ለአንጎል ግንድ ደም የሚያደርሰው ቧንቧ ላይ የተጣበቀ ስስ ቅርፊት ቀርቷል። እሱን ትቼዋለሁ» አለች።

«ደህና ናቸው» የሚለው ቃል ገና አልገባኝም ነበር፤ የገባኝ «ትቼዋለሁ» የሚለው ነው።

«ተውሽው? ሙሉ ቀን ቆመሽ ውለሽ ለአንድ ቅርፊት? ሥራሽን ጨርሺ እንጂ» አልኳት። ከንዴቴ ብዛት አንቱታውንም ረስቼዋለሁ።

ሚስቱ ቀሚሴን ጎተተችኝ። ዶክተሯ አልተቆጣችም፤ ድካም እንጂ ቁጣ ፊቷ ላይ አልነበረም። «ብጨርሰው እሳቸውን ነበር የምጨርሰው» አለችኝ። «የቀረውን በጨረር እንመታዋለን።»

በማግስቱ ልንጠይቀው ገባን። አልጋው ወደ ላይ ቀና ብሎ፣ አፍንጫው በጥጥ ተጠቅጥቆ፣ ፊቱ አብጦ ተኝቷል። ጭኑም ላይ ፋሻ አለ፤ ከዚያ ስብ ወስደው ነው የከፈቱትን ቀዳዳ የደፈኑት። ይህኛው እንኳ ገብቶኛል፤ ከራሱ ጨርቅ የተጣፈ ልብስ ይበረክታል። እንዳይናፈጥ፣ እንዳያጎነብስ፣ ማስነጠስ ከመጣበት አፉን ከፍቶ እንዲያስነጥስ አዘውታል። ትእዛዝ ሲወድ ለጉድ ነው። ነርሷን ራሷን «ትራሱን ከፍ አድርጊው፣ ዝቅ ብሏል» ይላታል።

እኔ መቼም ነገር ሆዴ ውስጥ አያድርም። «ጋሼ፣ ሁሉንም አላወጣችውም፤ ትታለች» አልኩት። ሚስቱ በዓይኗ ወጋችኝ።

በተዘጋ አፍንጫው «የት ላይ?» አለኝ።

«ደም ቧንቧ ላይ የተጣበቀውን። ስስ ቅርፊት ነው አለች።»

ያበጠው ፊቱ ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ፤ ፈገግታ መሆኑ ቆይቶ ነው የገባኝ።

«መካኒኩ» አለ።

«ምን መካኒኩ?»

«የመካኒኩ ኪንታሮት። ስንት ዓመት ነው ዞሬ የማልፈው? እሱ ፍየል መሰልኩ ይላል እንጂ አንገቱ ደህና ነው።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ምላጭ የያዘ ሰው ሁሉ መቁረጥ ይችላል፣ እህቴ። እዚያ ላይ ደርሶ ማቆም ነው ከባዱ። ሙሉ ቀን ቆመሽ፣ ልትጨርሺ ስትይ፣ እጅሽ ቀጥይ እያለሽ።»

«ክር ክር ነው» አልኩት። እሱ ግን እንቅልፍ ወስዶታል።

ዶክተሯ ልታየው ስትመጣ ይህንኑ በራሱ አንደበት ነገራት፤ መካኒኩንም ፍየሉንም ሳይቀር። እሷ እስከዚያ ቀን ሁልጊዜ ቆማ ነበር የምታነጋግረን፤ ያን ጊዜ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ያቺን ቅርፊት ትቼ ስወጣ ሰውነቴ ሁሉ ነው የተቃወመኝ» አለችው። «አብሮኝ የሚሠራው ሐኪም ነው እጄን የያዘኝ፤ በቃ አለኝ።» ወንድሜ «እኔን ይዞኝ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ግድግዳ ብቻ ነው ያለኝ» አላትና ወደ እኔ አየ። እሷ ሳቀች። እኔ ግድግዳ በመባሌ ቅር አላለኝም።

ቁስሉ ከዳነ በኋላ ወደ ጨረር ሕክምና ተላከ። ክፍሉ ምድር ቤት ነው፤ በሩ የባንክ ካዝና በር ያህላል። መጀመሪያ ለፊቱ ጭምብል ተሠራለት። ባለሙያው ወንፊት የመሰለ ነጭ ፕላስቲክ በሞቀ ውሃ ነክሮ፣ እንደ እርጥብ ጨርቅ ሲለሰልስ ፊቱ ላይ አልብሶ በመዳፉ አፍንጫውን፣ ግንባሩን፣ አገጩን እየተከተለ ጫነው። ሲቀዘቅዝ ደረቀና ፊቱን መሰለ። ከዚያ በየቀኑ ያንን ለብሶ፣ ጭምብሉ ከአልጋው ጋር በብሎን ታስሮ፣ ብቻውን ይዘጋበታል። ጨረሩ ያቺን ቅርፊት መምታት አለበት፤ አንድ ፀጉር ያህል ፈቀቅ ካለ የሚነካው የአንጎሉን ግንድ ነው።

የመጀመሪያው ቀን መተላለፊያው ላይ ቆመን ሳለ ባለሙያው በድምፅ ማጉያ ሲናገረው ሰማን። «አባቴ፣ አይነቃነቁ» አለው።

እኔና ሚስቱ ተያየን። ከዚያ ሳቅ ያዘን፤ በዚያ ሰው ሁሉ በሚያለቅስበት መተላለፊያ አፋችንን በሻርፕ አፍነን ሳቅን። ሲወጣ የጭምብሉ ወንፊት ግንባሩ ላይ ታትሞ ነበር። «ሰማችሁት?» አለን። «ልጁ ከኔ ይሻላል፤ አንቱታ ያውቃል።»

ባለሙያው እንደነገረን ጭምብሉ ሲታሰር ብዙ ሰው ይጨንቀዋል፤ የሚጮህ አለ፣ ማረጋጊያ መድኃኒት የሚሰጠው አለ። ወንድሜ ግን ጣቱ እንኳ አይንቀሳቀስም። እንዴት እንደቻለው ጠየቅኩት። «እላጫለሁ» አለኝ። «መካኒኩን አስቀምጠዋለሁ፤ ከቀኝ ጆሮው እጀምራለሁ። ሳሙናውን እቀባለሁ፣ በጣቴ እዳስሳለሁ፣ ቀስ ብዬ እወርዳለሁ። ኪንታሮቱ ጋ ስደርስ ማሽኑ ያቆማል።» እሱ ይህን ሲለኝ ፀጉሩ ከጭንቅላቱ ኋላ እየረገፈ ነበር፤ የሚበላው ሁሉ ብረት ብረት ይለዋል፤ ሱሪውን እኔ ነኝ ሁለት ጊዜ ያጠበብኩለት። አላማረረም አልልም። የሆስፒታሉን ፀጉር አስተካካይ አምርሮ ያማል።

ጨረሩ አልቆ፣ ጊዜ አልፎ፣ እንደገና ኤም አር አይ ተነሳ። ዶክተሯ ፎቶውን ከድሮው ጋር አስተያይታ አየችው። ቅርፊቷ አላደገችም፤ አልጠፋችምም። «ባለችበት ናት» አለች። «በየጊዜው እያየን እንጠብቃታለን፤ ይህ አሁን ጥሩ ዜና ነው።» ሚስቱ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ክር ክር ነው ያልኩትን ግን አልመለስኩም።

የቀረው ዓይኑ ነበር። ዶክተሯ ነርቭ ከተጫነው ነገር ሲላቀቅ ቀስ ብሎ ሊነቃ ይችላል፣ ላይነቃም ይችላል ብላው ነበር። ጠዋት ጠዋት እኔ ሱቅ እየመጣ ክሮቼ የተደረደሩበትን መደርደሪያ ያያል። «ቀዩ ከወንድሙ ጋር ነው» ይለኛል፤ ሁለት ሆኖ ታየኝ ማለቱ ነው። ሌላ ቀን «የቀዩ ወንድም ቀረብ ብሏል» ይላል። እንዲህ ሲል ሲል አንድ ጠዋት ቆሞ ቀረ። ደንግጬ ከመኪናዬ ተነሳሁ።

«ቀዩ ብቻውን ነው» አለኝ።

ፊት ለፊት ሲያይ ሁሉም ነገር አንድ ሆነለት። ወደ ግራ አርቆ ሲያይ ብቻ ወንድሞቹ ብቅ ይላሉ፤ እነሱ ምናልባት ላይሄዱ እንደሚችሉ ዶክተሯ ነግራዋለች። ሱቁን ከፈተ። ሰፈሩ ፀጉሩን አሳድጎ ሲጠብቀው የከረመ ይመስል አግዳሚው ሞላ። መቀስ ያዘ፣ ቶንዶዝ ያዘ። ምላጩ ግን ከመሳቢያው አልወጣም። መካኒኩ ጢሙን አንዠርግጎ መጣ፤ በቶንዶዝ አሳጥሮ መለሰው። መምህሩ ያቺን ጆሯቸውን ይዘው መጡ፤ «ላጨኝ» አሉት። «ዛሬ አልችልም፣ መምህር» አላቸው። በሌላ ቀንም መጡ፤ ያንኑ አላቸው።

በሳንቃው በኩል ደግሞ ሌላ ነገር መሰማት ጀመረ። ጠዋት ደንበኛ ሳይመጣ ዷ ይላል። ሄጄ ሳይ የተነፋ ፊኛ በሳሙና አረፋ ቀብቶ ይላጫል። ምላጩ ትንሽ ከሳተ ፊኛው ይፈነዳል፤ ሰው ሥራ ሲለምድ እንደዚያ ነው። ወንበሩን እያሽከረከረ ሁሉን ነገር ከፊቱና ከቀኙ ማድረግ ተለማመደ፤ ድሮ እሱ ነበር ሰውየውን የሚዞረው፣ አሁን ሰውየው እንዲዞር ማለት ነው። እየቆየ ዷ ማለቱ ቀነሰ። በኋላም ጭራሽ ቆመ። ምላጩ ግን አሁንም ለሰው አልወጣም።

«ምን ቀረህ?» አልኩት።

«ፊኛ አይደማም» አለኝ።

በሕይወት ተርፏል፤ ይህን አውቃለሁ፤ ለዚህም ቀን ከቀን አመሰግናለሁ። ግን መሳቢያውን ገርበብ አድርጎ ምላጩን እያየ መልሶ ሲዘጋው በሩ ላይ ሆኜ አይቼዋለሁ። ያ ሰው ወንድሜ ነው፣ ግን ሙሉ አይደለም። እኔ ደግሞ ያልተጨረሰ ነገር አልወድም።

በማግስቱ ጠዋት የራሴን በር ሳልከፍት የሱን ገፍቼ ገባሁና ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሻርፔን አውልቄ ፀጉሬን ወደ ላይ ሰበሰብኩ።

«የማጅራቴን ፀጉር አንሳልኝ» አልኩት። «በምላጭ።»

«አብደሻል?»

«ፀጉር ቤት አይደለም እንዴ ይሄ?»

«ጆሮሽ አለ» አለኝ ቀስ ብሎ።

«አንዱን ድሮ ቀምሰኸዋል፤ ሌላው ምን ልዩ ነገር አለው?»

አልሳቀም። ወደ ኋላዬ ዞረ። ከዚያ መሳቢያው ሲከፈት ሰማሁ። ጨርቁን አንገቴ ላይ አሰረ። ሳሙናውን በብሩሽ ቀባኝ፤ ለብ ያለ ነበር። በጣቱ ከጆሮ ጆሮ ዳሰሰኝ፤ ያቺ ጎደሎዋ ጫፍ ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆም አለ። ወንበሩን አሽከረከረኝና አንገቴን ከቀኙ አደረገው።

«አትነቃነቂ» አለኝ።

በሕይወቴ ሳልነቃነቅ ተቀምጬ አላውቅም፤ ያን ቀን ተቀመጥኩ። ምላጩ ሲያርፍ ቀዝቃዛ ነበር። በመስታወቱ ጥግ አየሁት፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ተገልጠዋል። ቀስ ብሎ ወረደ፣ ጠረገ፣ ወረደ፣ ጠረገ። ወንበሩን አዞረኝ፤ ወደ ግራው ጆሮዬ ሄደ። ፈርቼ ነበር፤ ስለ ጆሮዬ አልነበረም። ቢስት ዳግመኛ ምላጭ እንደማይነካ አውቅ ነበር።

«በቃ፤ ተንፍሺ» አለኝ።

ትንፋሼን እንደያዝኩ እንኳ አላወቅኩም። በፎጣ ጠራርጎ ትንሿን መስታወት ከኋላ ያዘልኝ። ማጅራቴ ንጹሕ ነው። ከግራ ጆሮዬ ጀርባ፣ ከጎደሎዋ ጫፍ ሥር ግን ጥቂት ፀጉሮች ቆመዋል።

«እሱን ትቼዋለሁ» አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ ፊቱን አየሁት፤ ዓይኖቹ እንባ ሞልተው እየሳቀ ነበር። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

መምህሩ በሩ ላይ ቆመው ሲያዩ ነበር። እኔ ስነሳ እሳቸው ምንም ሳይሉ ገብተው ተቀመጡ፤ ያቺን ጆሯቸውን ወደ እሱ አድርገው። እኔ ወደ ሱቄ ሄድኩ። ቀጠሮ የያዘ ደንበኛ ነበረኝ፤ ኮቱ ግማሹ ገና አልተሰፋም። መኪናው ፊት ተቀምጬ ጨርቁን ከመርፌው ሥር አስገባሁ፤ እግሬንም መርገጫው ላይ አደረግኩ። በሳንቃው በኩል «አትነቃነቅ» ሲል ሰማሁት።

እግሬን ከመርገጫው አነሳሁ። መምህሩ ተላጭተው «እጅህ ይባረክ» እስኪሉ ድረስ መኪናዬን አላስነሳሁም።